ገና የሚሠራ ሰው አለ

ከቸርችል ጎዳና ወጣ ብሎ ባለ አሮጌ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ዘጠኝ ሠራተኞች በሦስት ኮምፒውተሮች በሚገለገሉበት አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። የመሥሪያ ቤቱን ስም መጥራት አያስፈልግም፤ ከዚህ በታች የምተርከው ጥፋት ከእርሱ ይልቅ የእኔ ነውና። ሦስቱ ማሽኖች በኔትወርክ ገመድ የተያያዙ ሲሆኑ፣ በመስኮቱ በኩል በተቀመጠው ላይ ሁላችንም የምንከፍተው፣ ሁላችንም የምንጽፍበትና ሁላችንም የምንሰርዝበት «የጋራ» የሚባል ፎልደር ነበረ። ጠዋት 2፡30 ላይ ቀድሞ የደረሰ ሰው ወንበር ይይዛል፤ የዘገየው የወረቀት ሥራውን እያገላበጠ ተራውን ይጠብቃል። አራት ሰዓት ላይ ሻይ ሊጠጣ የወጣ ሰው ሲመለስ ወንበሩን ሌላ ይዞት፣ ከፍቶት የሄደውን ደብዳቤም በሌላ ሰው ሠንጠረዥ ተሸፍኖ ያገኘዋል። በዚህ ምክንያት የተነሣው ንትርክ ብዙ ነው፤ እሱን ልተወው።

በዚያ ቢሮ ውስጥ እኔ «እንግሊዝኛ የሚችለው» ነበርኩ። ይህ ማዕረግ በደመወዝ መክፈያ ላይ አይሰፍርም እንጂ ከብዙ ማዕረግ ይልቅ ያስከብራል። በአንዱ ማሽን ላይ ትንሽ ሳጥን ብቅ ባለች ቁጥር «ና እስቲ፣ ይኼ ነገር ምንድን ነው የሚለው?» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ እኔም በመጀመሪያዎቹ ወራት ተነሥቼ እያነበብኩ እመልስ ነበር፤ በኋላ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከወንበሬ ሳልነሣ «ኦኬ በለው» ወይም «የስ በዪው» ማለት ለመድኩ። ከአሥር ጊዜ ዘጠኙን መልሱ ትክክል ስለነበረ ማንም አልጠረጠረኝም። እኔም ራሴን አልጠረጠርኩም።

በ2011 ዓ.ም. የካቲት ውስጥ፣ በአንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ከእኛ ጋር መሥራት ከጀመረች ሦስት ወር ያልሞላት ልጅ የጋራውን ፎልደር መልክ እንድታስይዝ ታዘዘች። በውስጡ ስማቸው ለጥቂት የሚለያይ ሁለት ፎልደሮች አገኘች፤ አንደኛው የሌላው ቅጂ መሰላትና ለማጥፋት ቁልፉን ተጫነች። ሳጥኗ ወጣች። ልጅቱ ወደ እኔ ዞራ «እርግጠኛ ነሽ ወይ እያለኝ ነው፤ ምን ልበለው?» አለችኝ። እኔ ስልክ ላይ ነበርኩ። «የስ በዪው» አልኳት።

የጠፋው ፎልደር ቅጂ አልነበረም፤ የአራት ወር ምዝገባ ነበር። ነገሩ ሲታወቅ እኔ አሁንም በልበ ሙሉነት «ችግር የለም፣ ከሪሳይክል ቢን እናወጣዋለን» ብዬ ተነሣሁ፤ ሪሳይክል ቢኑን፣ የተሰረዘ ፋይል የሚቆይበትን ቦታ፣ ስከፍተው ግን ባዶ ነበር። በሦስቱም ማሽኖች ላይ ከፈትኩ፤ በሦስቱም ባዶ ነበር። ምክንያቱን ያወቅሁት በዚያው ምሽት ነው። በራሳችን ማሽን ዲስክ ላይ ያለ ፋይል ስንሰርዝ ዊንዶውስ ወደ ሪሳይክል ቢን ያዛውረዋል፤ በኔትወርክ በኩል በሌላ ማሽን ላይ የተቀመጠ ፋይል ስንሰርዝ ግን ወደየትም አያዛውረውም፣ እዚያው ያጠፋዋል። ይህንንም ሳይናገር አያደርገውም። በመጀመሪያው ጊዜ «አር ዩ ሹር ዩ ዎንት ቱ ሙቭ ዚስ ፎልደር ቱ ዘ ሪሳይክል ቢን?» ብሎ ይጠይቃል፤ በሁለተኛው ጊዜ «አር ዩ ሹር ዩ ዎንት ቱ ፐርማነንትሊ ዲሊት ዚስ ፎልደር?» ይላል። የመጀመሪያው ወደ ሪሳይክል ቢን ይዛወር ወይ፣ ሁለተኛው ለዘለቄታው ይጥፋ ወይ ማለቱ ነው። የሁለቱ አጀማመር አንድ ነው። ልጅቱ «አር ዩ ሹር» የሚለውን በቀን ደጋግማ ስለምታየው በትክክል ተረድታዋለች፤ ያለፈቻት «ፐርማነንትሊ» የምትለውን ቃል ብቻ ነው። እኔ ደግሞ፣ እንግሊዝኛ የምችለው ሰውዬ፣ አንዲቷንም ቃል አላነበብኩም።

አራቱን ወር ከየዶሴው እያወጣን እንደገና ለመጻፍ 19 የሥራ ቀን ፈጀብን። ልጅቱ በሰው ፊት አለቀሰች፤ እኔ በልቤ አፈርኩ፤ ልዩነታችን ይህ ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ያሰብኩበት ነገር፣ አሥራ ሁለት ዓመት እንግሊዝኛ የተማረ ሰው አንዲት መስመር ማንበብ ለምን ያቅተዋል የሚለው ነው። በ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መሠረት እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት ይሰጥ ነበር፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ደግሞ ራሱ በእንግሊዝኛ ነበር። ይህች ልጅ ስለ ዕፀዋት አመጋገብም ሆነ ስለ ኒውተን ሕጎች የተማረችው በእንግሊዝኛ ነው፤ «ፓሲቭ ቮይስ» የሚባለውንም ከእኔ በተሻለ ታውቃለች። ሳጥኗን እንደ ፈተና ጥያቄ ማየታችን ነው ጉዳቱ ብዬ አስባለሁ። በብሔራዊ ፈተና ላይ ባልገባን ጥያቄም ቢሆን ባዶ ከመተው አንዱን ፊደል ማጥቆር ይሻላል፤ ሰዓቱም ስለሚገፋን ቶሎ አጥቁረን ወደ ቀጣዩ እናልፋለን። የማሽኗም ሳጥን ሁለት ምርጫ ይዛ ትመጣለች፤ እኛም ቶሎ አንዱን እናጠቁራለን። በክፍል ውስጥ ስንማር እንግሊዝኛ አንድ ነገር ሊነግረን የሚሞክር ሰው ቋንቋ ሆኖ አልቀረበልንም፤ ውጤት የሚገኝበት ነገር ሆኖ ቀረበልን እንጂ።

አንድን ማሽን ለብዙ ሰው ማካፈል ከእጦት የመጣ ነገር ይመስለኝ ነበር፤ ስለ ጉዳዩ ሳነብ ግን ታሪኩ ሌላ ሆኖ አገኘሁት። በ1950ዎቹ መጨረሻ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኮምፒውተር እጅግ ውድ ስለነበረ፣ ሥራ ያለው ሰው በካርድ ላይ የተበሳ ፕሮግራሙን አስረክቦ ውጤቱን ለሰዓታት ይጠብቅ ነበር። በ1961 በአሜሪካው የኤም አይ ቲ ተቋም ፈርናንዶ ኮርባቶና ባልደረቦቹ አንድ ማሽን ጊዜውን እየሸራረፈ ለብዙ ሰዎች በተራ እንዲያገለግልና እያንዳንዱም ሰው ብቻውን የሚገለገል እስኪመስለው ድረስ ቶሎ ቶሎ እንዲደርሰው የሚያደርግ ሥርዓት አሳዩ። የሰዎቹ ፋይል በአንድ ማሽን ላይ ስለተሰበሰበ የእያንዳንዱን ከሌላው ለመለየት የይለፍ ቃል አስፈለገ፤ ኮምፒውተር ላይ የይለፍ ቃልን ቀድመው ሥራ ላይ ካዋሉት መካከልም እነዚሁ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ «ፓስወርድ» የሚባለው ነገር የተወለደው ከመጋራት ነው።

የእነርሱንም ስሕተት ሳነብ ትንሽ ተጽናናሁ። በ1960ዎቹ አጋማሽ፣ ሥርዓቱን ከሚያስተዳድሩት አንዱ ለተጠቃሚዎች የሚወጣውን የዕለቱን መልእክት፣ ሌላው ደግሞ የይለፍ ቃሎቹን ዝርዝር በአንድ ጊዜ ከፍተው ሲያስተካክሉ፣ የመጻፊያው ፕሮግራም ሁለት ሰዎች በአንድ ቦታ አብረው ይሠራሉ ተብሎ ያልተዘጋጀ ስለነበረ ጊዜያዊ ፋይሎቻቸው ተደባለቁ፤ ከዚያም ወደ ማሽኑ የገባ ሰው ሁሉ በሰላምታው ፋንታ የባልደረቦቹ የይለፍ ቃል ተዘርዝሮ ወጣለት። እነዚያ ሰዎች እንግሊዝኛ በአፍ መፍቻነት የሚናገሩ ነበሩ። እንግሊዝኛ ማወቅ ከሁሉ ነገር ያድናል ብዬ እንዳልጽፍ ይህ ታሪክ ይከለክለኛል።

ወደ ቢሯችን ልመለስ። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ፣ ሁላችንም «ጋሼ» ብቻ እያልን የምንጠራቸው ሰው፣ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ዓመታት የቀሯቸው ነበሩ። በልጅነታቸው ጎጃም ውስጥ ዳዊት ደግመዋል፤ አዲስ አበባ መጥተው በአማርኛ የጽሕፈት መኪና ሲሠሩ ኖረው ኋላ ወደ መዝገብ ቤት ተዛወሩ። ኮምፒውተሩን «የእናንተ ነገር» ይሉት ነበር። ፎልደሩ በጠፋ ጊዜ ያዳነን የእርሳቸው መደርደሪያ ስለሆነ፣ በእነዚያ 19 ቀናት አብሬያቸው ስውል ስለ ቃላት ማውራት ጀመርን። «ዶሴ» እና «ክላሴር» ከየት እንደመጡ ስጠይቃቸው «ከፈረንሳይ፤ እንደ ቢሮ» አሉኝ። ከመስኮቱ ወደ ታች በኩል ለገሃር አለ፤ እርሱም ቢሆን ስሙን ያገኘው ጣቢያ ማለት ከሆነው የፈረንሳይኛ ቃል ነው። በ1908 የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤትም፣ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ባቡርም ፈረንሳይኛን የሥልጣኔ ቋንቋ አድርገውት ነበር፤ ከ1941 በኋላ ግን እንግሊዝኛ ቦታውን ወሰደ፤ በ1950 የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅም የሚያስተምረው በእንግሊዝኛ ነበር። ስለዚህ የመዝገብ ቤቱ መደርደሪያ በፈረንሳይኛ ይጠራል፤ በኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው መደርደሪያ በእንግሊዝኛ ይጠራል፤ በሁለቱም ውስጥ የተቀመጠው ደብዳቤ ግን አማርኛ ነው።

አንድ ቀን የኢሜይል መላኪያውን ሳሳያቸው «ሲሲ» የምትለዋን ሳጥን ጠየቁኝ። «ካርበን ኮፒ» ማለት ነው አልኳቸው። ጋሼ ለረጅም ጊዜ ሳቁ። በጽሕፈት መኪናቸው ሁለት ወረቀት መካከል ካርበን እያስገቡ፣ ከደብዳቤው ግርጌ «ግልባጭ» ብለው ለእነ እከሌ እያሉ ሲጽፉ ነው የኖሩት። «ታዲያ እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲሲ ሳደርግ ኖሬያለኋ!» አሉኝ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ኮምፒውተሩን «የእናንተ ነገር» ማለት ተዉ፤ በማግሥቱም ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ገዝተው መጡ።

ደብተሩ ከመስኮቱ አጠገብ ባለው ማሽን ጎን በሲባጎ ታሰረ። ደንቡ ቀላል ነበር፤ ያልገባው ሳጥን የወጣበት ሰው መልስ ከመስጠቱ በፊት ጽሑፉን በእርሳስ በእንግሊዝኛ እንዳለ ይገለብጣል፤ ከዚያ ትርጉሙን ያውቃል የተባለ ሰው ከሥሩ በአማርኛ ይጽፍለታል። መገልበጡ ጊዜ ስለሚወስድ በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም አጉረመረሙ፤ እኔ ግን የደብተሩ ጥቅም ከትርጉሙ ይልቅ በዚያ መዘግየት ላይ እንደነበረ አምናለሁ። «ፐርማነንትሊ» ብሎ ፊደል በፊደል የጻፈ ሰው ዘሎት ሊያልፍ አይችልም።

ትርጉሙ ላይ ደግሞ ጋሼ ጌታ ሆኑ። «ፐርማነንትሊ»ን እኔ «በቋሚነት» ብዬ ጽፌ ነበር፤ እርሳቸው ሰርዘው «ላይመለስ» አሉት። «ኦቨርራይት» የሚለውን ሲያዩ ብራና ሲያልቅበት የቀደመውን ጽሑፍ ፍቆ በላዩ የሚጽፍ ሰው ትዝ ስላላቸው «ፍቆ መጻፍ» ተባለ። ማሽኑ በዚህ ስም የተጠራ ፋይል ከዚህ ቀደም አለ ሲል፣ ጋሼ ያለ ማመንታት «ሞክሼ አለው» ብለው ጻፉ፤ ከዚህ የተሻለ ትርጉም እስከ ዛሬ አላየሁም። «ሪድ ኦንሊ» ለሚለው «ዐይን እንጂ እጅ አይገባም»፣ ፋይሉ በሌላ ሰው ተይዟል ለሚለው ደግሞ «ቁልፉ እከሌ ጋ ነው» ተባለ። ይህ የመጨረሻው ብቻውን ቢሯችንን ከብዙ ጣጣ አውጥቶታል። ከዚያ በፊት አንዱ የከፈተውን ሠንጠረዥ ሌላው ሲከፍት የሚወጣውን ማስጠንቀቂያ ሳናነብ እናልፍና እያንዳንዳችን የየራሳችንን ቅጂ እናስቀምጥ ነበር፤ በፎልደሩም ውስጥ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ 2» እና «ትክክለኛው የመጨረሻ» የሚባሉ ፋይሎች ጎን ለጎን ተቀምጠው እርስ በርሳቸው ይቃረኑ ነበር።

በደብተሩ ምክንያት እኔ ያንን ማዕረጌን አጣሁ። ይህን ስጽፍ ትንሽ ቅር ብሎኝ እንደነበረ መደበቅ አልፈልግም፤ በየሰዓቱ መጠራት ያሰለቻል እንጂ አለመጠራትም የራሱ ጉድለት አለው። ፎልደሩን ያጠፋችው ልጅ ግን ከሁላችንም ፈጥና ሄደች። ፕሪንተሩ በተበላሸ ጊዜ በማሽኑ ላይ የወጣውን የስሕተት መልእክት ከነቁጥሩ ገልብጣ ኢንተርኔት ላይ ፈለገችው፤ በሌላ አገር ያለ፣ ያው ችግር የገጠመው ሰው የጻፈውን መፍትሔ አነበበችና ባለሙያ ሳይጠራ ፕሪንተሩን አስነሣችው። በእኔ አስተያየት የእንግሊዝኛ ጥቅም ቢሮ ውስጥ ጎልቶ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ያንኑ ችግር በአማርኛ ብትፈልገው ኖሮ የምታገኘው መልስ እጅግ ጥቂት ነበር፤ አማርኛ አንሶ ሳይሆን፣ ያው ችግር ገጥሟቸው የፈቱት የእኛ ሰዎች መፍትሔውን በቃል ነግረው እንጂ ጽፈው ስላላስቀመጡት ነው። እኔም ራሴ ለዓመታት ከወንበሬ ሆኜ በቃል ስመልስ ኖርኩ እንጂ አንድም አልጻፍኩም።

ማሽኑ ራሱ በአማርኛ ቢናገርስ የሚል ሰው ይኖራል፤ እኛም አስበነው ነበር። ማይክሮሶፍት ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ የአማርኛ ገጽታ አዘጋጅቷል፤ ኒያላ የሚባለው የፊደል ቅርጽም የመጣው ከዚያው ጋር ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን ዘመን የሚያስታውስ ሰው ይህ ትልቅ ነገር መሆኑን ያውቃል፤ የግዕዝ ፊደል በ1999 ኮምፒውተሮች በጋራ ወደሚጠቀሙበት የፊደል ሥርዓት፣ ወደ ዩኒኮድ፣ እስኪገባና ከዚያም በኋላ ለብዙ ጊዜ፣ በአንድ የአማርኛ መጻፊያ የተጻፈ ደብዳቤ ያው መጻፊያ በሌለበት ማሽን ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ ይወጣ ነበር፤ የአማርኛ ጽሑፍን መጋራት ማለት መጻፊያውንም በፍላሽ ይዞ መዞር ማለት ነበር። የአማርኛውን ገጽታ በአንደኛው ማሽን ላይ ጫንኩት። ትርጉሙ የተሠራው በከፊል ስለሆነ ግማሹ አማርኛ፣ ግማሹ እንግሊዝኛ ሆኖ ቀረ፤ «ሴቭ» እያለ ያደገ እጅም «አስቀምጥ» የሚለውን ሲፈልግ ይቸገር ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ሁሉም ያንን ማሽን መሸሽ ስለጀመሩ መለስኩት። ዛሬም ቢሆን ማሽኑ በአማርኛ መናገር አለበት ብዬ አምናለሁ፤ ተርጓሚዎቹ ግን መጀመሪያ አንድ ዓመት እንደ ጋሼ ካለ ሰው ጋር መዝገብ ቤት ቢውሉ ደስ ይለኝ ነበር።

ከጥፋቱ በኋላ ለእያንዳንዳችን በየማሽኑ የየራሳችን መግቢያ ተከፍቶልን ነበር። አንዱ ሥራውን ሳይዘጋ ቢነሣ፣ ሌላው በራሱ ስም ገብቶ መሥራት ይችላል፤ የመጀመሪያውም ሥራ ከበስተኋላ እንደተከፈተ ይቆያል። ጋሼ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ወር ሲቀራቸው፣ በአንድ ዓርብ 11፡20 ላይ፣ ደብዳቤያቸውን ጨርሰው ማሽኑን ሊያጠፉ ሲሉ ከዚያ በፊት በደብተሩ ያልነበረ ሳጥን ወጣባቸው። እንደ ልማዳቸው መነጽራቸውን አድርገው መገልበጥ ጀመሩ፤ «ሳምዋን ኤልስ ኢዝ ስቲል ዩዚንግ ዚስ ፒሲ።» እኔ ቦርሳዬን ይዤ በር ላይ ቆሜ እጠብቃቸው ነበር። ከሥሩም አሁን ካጠፋህ ማሽኑን የሚጠቀመው የሌላው ሰው ያልተቀመጠ ሥራ ሊጠፋ ይችላል የሚል አለ፤ ከዚያም «ሻት ዳውን ኤኒዌይ» የምትል ቁልፍ አለች። «ኤኒዌይ»ን ምን እንበላት ተባባልን። እኔ «ቢሆንም» አልኩ። ጋሼ ራሳቸውን ነቅንቀው «የመጣው ይምጣ፣ አጥፋው ማለቱ ነው» አሉና እንደዚያው ጻፉ።

ከበስተኋላ ሥራ ትታ የሄደችው ያችው ልጅ ነበረች። ስልኳ አይነሣም፤ ሰዓቱም ስለሆነ ወደ ታክሲ ሰልፍ ሄዳለች። ጋሼ ቁልፏን አልተጫኑም። ከመዝገብ ቤት ነጭ ወረቀት ቀደው፣ በዚያ በሚያምር የቁም ጽሕፈታቸው ጽፈው በማሽኑ ማብሪያ ላይ በፕላስተር ለጠፉት፤ ማታ እየዞረ ማብሪያ ማጥፊያውን ሁሉ የሚያጠፋውን ጥበቃም ጠርተው ወረቀቱን አሳዩት። እርሱም አንብቦ «እሺ ጋሼ» አለ።

መብራት እንደ ዕድል ሆኖ ቅዳሜና እሑድን አልጠፋም። ሰኞ ጠዋት ልጅቱ ስትገባ ደብዳቤዋ በግማሽ መስመር ላይ እንዳቆመችው ቆይቷት ነበር፤ በማብሪያው ላይም «አይጠፋም፤ ገና የሚሠራ ሰው አለ» የሚለው ወረቀት እንደተለጠፈ ነበር።